ለአዛን ብዬ የሠራሁት ቮልዩም

ቁጣዬ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። «ትንሽ ይውጣልህና ጻፈው» ያለኝ ሰው ነበር። ከወጣልኝማ ምን ብዬ እጽፈዋለሁ?

ቆቦ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ አስፋልቱ በሚያወጣው መንገድ ላይ፣ ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ሱቅ አለችኝ። ቴሌቪዥን፣ ሪሲቨር፣ የባጃጅ ቴፕ፣ የመስኖ ፓምፕ መቆጣጠሪያ፣ የመጣልኝን ሁሉ ፈትቼ አያለሁ። ሠርግ ሲኖር ሱቁን ቆልፌ ጊታሬን አንግቼ እወጣለሁ። ሰው «አንተ ሥራህ ምንድን ነው?» ቢለኝ ጠጋኝ ነኝ አልልም ነበር፤ ጊታሪስት ነኝ ነበር የምለው። እንጀራዬ ከሱቁ ቢሆንም ኩራቴ ከጊታሩ ነበር።

ባንዳችን፣ ባንድ ከተባለ፣ ሦስት ሰው ነው። እኔ፣ ከበሮ የሚመታልን በዕድሜ የሚበልጠን ሰውዬ፣ ከዚያ ኪቦርድ እየተጫወተ የሚዘፍነው ጓደኛዬ። ጓደኛዬ ስል እንዲሁ የመንገድ ጓደኛ አይደለም። ቁርአን ቤት በአንድ የእንጨት ሉሕ ተቀባብለን የቀራን ነን። የእሱ እናት ቤት በልቼ አድጌአለሁ፣ እሱም የእኔ እናት ቤት። የመጀመሪያ ጊታሬን ልገዛ ደሴ ስወጣ አብሮኝ ሄዶ፣ ሲመለስ መኪናው ላይ ጊታሩን እንደ ሕፃን ታቅፎ የመጣው እሱ ነው። ይህን የምናገረው ማን እንደከዳኝ እንድታውቁልኝ ነው።

አደጋው የደረሰብኝ ከሮቢት ወረድ ብሎ ባለ የሽንኩርት ማሳ ላይ ነው። ፓምፕ አልነሳ ብሎ ተጠርቼ ሄድኩ። መቆጣጠሪያውን ሠራሁት፣ ሞተሩ ተነሳ። እዚያ ላይ ጀዛከላህ ተብዬ ተመስግኜ፣ የተሰጠኝን ሽንኩርት ተሸክሜ መመለስ ነበረብኝ። አይ፣ እኔ መች አርፌ! ቀበቶው ሲወላገድ አየሁና ልነካው እጄን ሰደድኩ። ግራ እጄን ይዞት ገባ።

ሦስቱ ጣቶቼ ተረፉ። የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ግን ተሰፍተው፣ ተጠቅልለው ከርመው፣ ፋሻው ሲፈታ ድርቅ ብለው ወጡ። ጊታር የማታውቁ ሰዎች «ግራ እጅ ነው፣ ምን አለበት» ትሉ ይሆናል። ግራ እጅ ነው ዜማውን የሚይዘው። ያለ እነዚያ ሁለት ጣቶች ጊታር ይዞ መቀመጥ ይቻላል፤ መጫወት ግን ሌላ ነገር ነው።

ሆስፒታል እጄን የምታሠራኝ ባለሙያ አንዲት ለስላሳ የጎማ ኳስ ሰጠችኝ። ጠዋትና ማታ እጅህን ሞቅ ባለ ውሃ ንከር፣ ከዚያ ይህቺን ጭመቅ፣ ስድስት ወር ሳታቋርጥ አለችኝ። «ይመለሳሉ?» አልኳት። «ካላቋረጥክ ይመለሳሉ። ካቋረጥክ ጅማቱ እንደተኮማተረ ይቀራል» አለችኝ። ኳሷን ቀንም እጨምቃታለሁ፣ ቴሌቪዥን እየፈታሁም እጨምቃታለሁ፣ ባጃጅ ውስጥም ከእጄ አትወጣም። ሰው ሲስቅብኝ ግድ አልነበረኝም።

እንዲህ የሚያደርገኝ ምክንያት ነበረኝ። ታናሽ እህቴ ታጭታለች። አባታችን ሲሞት ገና የወተት ጥርሷን ያልጣለች ልጅ ነበረች፤ እኔ ነኝ አንጠልጥዬ ትምህርት ቤት ያስገባኋት፣ እኔ ነኝ ጸጉሯን ለዒድ ሹሩባ ላሠራ ሴቶች መሀል ተሰልፌ የዋልኩት። ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቃል ነበራት። «በእኔ ሠርግ ከአንተ በቀር ማንም ጊታር አይነካም» ትለኝ ነበር። ሠርጉ ከረመዳን በኋላ ተቆረጠ። እንግዲህ እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጣቶቼ ለእህቴ ሠርግ እንዲደርሱልኝ።

ከአደጋው በኋላ የመጀመሪያው ሠርግ ሮቢት ነበር። እዚያ ያዋረድኩት ራሴን ነው፣ ማንንም አልከስም። እኛ ዘንድ ሠርግ የፈለገውን ያህል ቢደምቅ አዛን ሲል ከበሮ ይቆማል። ማንም ትእዛዝ አይሰጥም፤ የክርስቲያንም ሠርግ ቢሆን ያው ነው፣ ጎረቤት ይከበራል። የእኔ አመል ደግሞ ስጫወት ዓይኔን መጨፈን ነው። በዚያ ላይ ያን ቀን በእነዚያ ግትር ጣቶች እየታገልኩ ስለነበር ከዓለም ተለይቻለሁ። የዓስር አዛን አለ። ጓደኛዬ ኪቦርዱን አቆመ፣ ከበሮው ቆመ፣ ጨፋሪው ባለበት ቆመ። እኔ ብቻዬን እየጮህኩ ነው። አንድ ሽማግሌ ሼህ መጥተው በምርኩዛቸው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝና «አንተ ልጅ፣ ሙአዚኑን ልትበልጠው ነው?» አሉኝ።

ክው አልኩ። አምፕሊፋየሬ የራሱ ቮልዩም በቆቦ አቧራ ከሞተ ቆይቷል፤ ቀጥታ አገናኝቼው ሁልጊዜ እስከ ጥጉ ተከፍቶ ነው የሚሠራው። ደግሞም እስከ ጥጉ ሲከፈት ነው የሚጣፍጠው። ደንግጬ ዘልዬ ሶኬቱን ከነገመዱ መነጨቅኩት። «ጧ!» አለ። ልጆች ጮኹ፣ የሼሁ መቁጠሪያ፣ ሙስበሃቸው፣ ከእጃቸው ወደቀ። «አፉ በሉኝ አባቴ፣ አፉ በሉኝ» እያልኩ ሙስበሃውን ከአፈር ላይ አነሳሁላቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ጓደኛዬን ጠየቅኩት። «እውነቱን ንገረኝ፣ ጣቶቼ እንዴት ናቸው? እኔ ራሴን መስማት አልቻልኩም» አልኩት። ኪቦርዱን ከእግሩ ሥር አስተካከለ። ከዚያ ጉልበቴን መታ አደረገኝና «አብሽር! እንደ ድሮህ ነህ» አለኝ። ከበሮ መቺያችን ወደ ማሽላው ማሳ ዞሮ ነበር።

እንደ ድሮህ ነህ። ይህቺን ቃል ይዤ ቤቴ ገባሁ፣ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ታዲያ ዳንኩ ብዬ ኳሷን ቀስ በቀስ ተውኳት። መጀመሪያ የማታውን፣ ከዚያ የጠዋቱን። ለዳነ እጅ ምን ያደርጋል? ሞኝ ነኝ፣ ታውቃላችሁ፣ ግን ቁርአን ቤት አብሮኝ የቀራ ሰው የነገረኝን አምኜ ነው የሞኘሁት።

ከዚያ ወዲያ የቀረኝ ጣጣ የአዛኑ ነገር ብቻ መሰለኝ። ሁለተኛ እንዲያ መዋረድ አልፈልግም። እኔ ደግሞ ነገር ሲያንገበግበኝ የማውቀው መፍትሔ መበየጃዬን መሰካት ነው። አንድ በእጅ የሚያዝ ቮልዩም ልሥራ አልኩ፤ ከአምፕሊፋየሩ በረጅም ሽቦ ወጥቶ፣ ጆሮው ንቁ የሆነ ሰው እጅ ላይ የሚቀመጥ። አዛን ሲል ያ ሰው ያለ «ጧ» ቀስ አድርጎ ይዘጋኛል፤ ሲያበቃ ይከፍተኛል።

ሥራው ቀላል ይመስላል። ቮልዩም ማለት ሦስት እግር ያላት ትንሽ ዕቃ ናት፤ በአንዱ ድምፁ ይገባል፣ በመሀለኛው ይወጣል፣ ሦስተኛው ከግራውንድ ጋር ይታሰራል። ግን ከየት ላይ እንደምትገባ ማወቅ ያስፈልጋል። ከጊታሩና ከአምፕሊፋየሩ መሀል ብታስገባት ድምፁን ስትቀንስ ጣዕሙም አብሮ ይሞታል። አምፕሊፋየር ሁለት ክፍል አለው፤ ፊተኛው ድምፁን ያጣፍጣል፣ ኋለኛው ጉልበት ይሰጠዋል። እኔ ሁለቱን የሚያገናኘውን መስመር ቆርጬ ከመሀል አወጣሁት። እንዲህ ሲሆን ጣዕሙ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ነው መጠኑ የሚቀነሰው። ይህን ያስተማረኝ የለም፣ ሦስት ቀን ሙሉ እየነካካሁ ነው የደረስኩበት። ዛሬም ድረስ ይህ ነገር ያኮራኛል፤ ምን ዋጋ አለው እንጂ።

የመጀመሪያዋን በሳሙና ማስቀመጫ ፕላስቲክ ሠራኋት። ስከፍታት «እእእእ» የሚል ጉምጉምታ፣ በላዩ ላይ ደግሞ የሩቅ ሬዲዮ ሰው ሲያወራ ይሰማል። ፕላስቲክ አይከልልማ! ጣልኩትና ባዶ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ አመጣሁ፤ በጋለ ሚስማር በሳሁት፣ ግራውንዱን ከቆርቆሮው ገላ ጋር በየድኩት፣ ጉምጉምታው ጸጥ አለ። ቀጥሎ ቮልዩሟ ራሷ አስቸገረችኝ። ትንሽ ነካ ሲያደርጓት ዘልላ ትጮኻለች፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ቢያዞሯት ለውጥ የላትም። ይህ የሚሆነው ለድምፅ ያልተሠራች ስትሆን ነው። ለድምፅ የምትሆነዋ እንደ ጆሯችን ቀስ እያለች ነው የምትከፍተው። ያቺን ፍለጋ በሱቄ ያለውን አሮጌ ቴፕ ሁሉ ፈታሁ። በመጨረሻ ከአንድ ባለቤቱ ጥሎት ከጠፋ ቴፕ ውስጥ አገኘኋት፤ አቧራዋን በቤንዚን አጥቤ፣ በጣቴ ሳዞራት ለስላሳ ሆነችልኝ። ራሷ ላይ የሻምፑ ክዳን ገጠምኩላት፣ በሚስማር ጭሬ የመዝጊያና የመክፈቻ ምልክት አደረግኩላት።

ከጁምዓ በኋላ ለጓደኛዬ ይዤለት ሄድኩ። «ይኸው፣ ይህቺ ካንተ ጎን ትቀመጥ። ያንተ ጆሮ ንቁ ነው። በተገቢው ሰዓት አንተ ዝጋኝ፣ አንተ ክፈተኝ» አልኩት። ቆርቆሮዋን በሁለት እጁ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየኝ። «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። ኮረንቲ የፈራ መስሎኝ ሳቅሁበት። «ምንም አይነዝርም፣ አብሽር» አልኩት። አቀፈኝ። እሱ እንዲህ ቶሎ ቶሎ የሚያቅፍ ሰው አይደለም፤ በሥራዬ የተደነቀ መሰለኝ።

ከዚያ ጎብዬ ሠርግ ሠራን፣ ቆቦ ሁለት፣ ሮቢት ደግሞ አንድ። አቀማመጣችን እንዲህ ነው፦ አምፕሊፋየሩ ከዳሱ ፊት ሰው ወዳለበት ዞሮ ይቀመጣል፣ እኔ ከኋላው ነኝ። በቀኜ የኪቦርዱ ሞንታርቦ ይጮኻል፣ በግራዬ ከበሮው። ጨፋሪው መሬቱን በእግሩ ሲደልቀው፣ እልልታው ሲጨመርበት፣ እንኳን ጊታር ሐሳብም አይሰማም። «ራሴን አልሰማም እኮ» ስለው ጓደኛዬ «ከኋላ ስለሆንክ ነው፤ ከፊት ብትሰማው ማር ነው» ይለኛል። እኔም አምናለሁ። አዛን ሲል እጁ ወደ ቆርቆሮዋ ሲሄድ አያለሁ፣ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ከበሮ መቺያችን ብቻዬን ሆኜ ዕቃ ስጠቀልል መጥቶ «አንተ ልጅ፣ ጣቶችህን በደንብ ታሠራቸዋለህ?» አለኝ። «ድነዋል እኮ ጋሼ» አልኩት። ጭንቅላቱን ነቅንቆ ሄደ።

የእህቴ ሠርግ ደረሰ። ያን ቀን እንዴት ልንገራችሁ! አዲስ ሸሚዝ ለብሻለሁ፣ ጊታሬን በዘይት ወልውዬዋለሁ። ሙሽሪት ከሴቶቹ መሀል ስትወጣ፣ በእልልታውና በከበሮው መሀል፣ ለእሷ ብዬ የመረጥኩትን ዜማ ጀመርኩ። ዓይኔን አልጨፈንኩም፣ እሷን እያየሁ ተጫወትኩ። እሷም አየችኝ፣ እንባዋ በኩሏ ላይ ወረደ። እኔም አለቀስኩ። «ዛሬ ብሞት አይቆጨኝም» ብዬ ለእናቴ ነግሬአት ነበር። ወላሂ ብያታለሁ።

ሠርጉ ካለፈ ወር ያህል ቆይቶ የቪዲዮው ፍላሽ መጣ። እናቴ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ጎረቤቶቿን ሳትጠራ መጀመሪያ ብቻችንን እንየው አለችኝ። ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ። ዳሱ ወጣ፣ ሰው ወጣ፣ እኔ ጊታሬን ይዤ ወጣሁ። እናቴ «ማሻአላህ» አለች። እኔ ግን ጊታሩን አልሰማሁትም። እጄ ይሄዳል፣ ድምፅ የለም።

ጠጋኝ አይደለሁ? መጀመሪያ ቴሌቪዥኑን ጠረጠርኩ። የአንዱ ጎን ድምፅ ማጉያ ሞቶ ይሆናል ብዬ ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ሁለቱም ይሠራሉ። ፍላሹን ነቅዬ ስልኬ ላይ ሰክቼ በማዳመጫ ሰማሁ፤ ያው ነው። የካሜራው ማይክ ደክሞ ይሆናል አልኩ። ግን ኪቦርዱ ይሰማል። ከበሮው ይሰማል። ከኋላ አንዲት ሴት ልጇን «ነይ ውረጂ ከዚያ» ስትል እንኳ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። አንድ በአንድ ሁሉንም እንደ ብልሽት ፈትሼ ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። መልሼ ከመጀመሪያው ከፈትኩትና እኔን ትቼ ጓደኛዬን አየሁ።

ዘፈን ሊጀመር ሲል እጁ ወደ ቆርቆሮዋ ይሄዳል፣ ክዳኗን ወደ መዝጊያው ምልክት እስከ መጨረሻው ያዞራል። አዛን አልነበረም። ማንም አልጠራም። ዘፈኑ ሲያልቅና ሰው ሲያጨበጭብ ነካ አድርጎ ይከፍታታል፣ እኔ ያን ጊዜ ክሮቼን ስቃኝ «ጢን» የምትል ድምፅ ትወጣለች። ከዚያ ሌላ ዘፈን ሊጀመር ሲል እጁ ይመለሳል። እያንዳንዱን ዘፈን። የሙሽሪትንም ዜማ። እናቴ «ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ። «ፍላሹ ተበላሽቷል» አልኳትና ነቅዬ ወጣሁ።

ጓደኛዬ ቤት እስክደርስ መንገዱን አላስታውሰውም። በረንዳው ላይ ተቀምጦ ኪቦርዱን በጨርቅ ይወለውላል። ፍላሹን ፊቱ ላይ ወረወርኩለት። ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ያ ነው ይበልጥ የገደለኝ። ጨርቁን አጣጥፎ አስቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኩት።

«ቆርቆሮዋን ከሰጠኸኝ ቀን ጀምሮ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም አይደለም። አንዳንዴ ተሽሎህ እንደሆነ ብዬ እሞክርሃለሁ፣ ትንሽ እከፍትሃለሁ። ትዘገያለህ። ጣትህ ክሩ ላይ ሳይደርስ ዜማው ያልፋል። ሰው መሳቅ ሲጀምር እዘጋለሁ።»

«እንደ ድሮህ ነህ ብለኸኝ የለ?»

«ምን ልበልህ? ያን ቀን ዓይንህን አላየኸውም። እጅህ ሞቷል ልበልህ?»

«አዎ በለኝ! ወንድሜ አይደለህ? ሌላ ማን ሊለኝ ነው?» ጮህኩበት። በአጥሩ ላይ ጎረቤት ብቅ ሲል ታየኝ፣ ግድ አልሰጠኝም። «እኔ ላዛን ብዬ ነው የሠራኋት! ለአላህ ክብር ብዬ ነው እጅህ ላይ ያስቀመጥኳት!»

ቀና ብሎ አየኝ። «እኔ እኮ አውቀህ የሰጠኸኝ መስሎኝ ነው» አለኝ።

«ምኑን አውቄ?»

«ጣትህን። አዛኑን ሰበብ አድርገህ፣ ሳታፍር እንድዘጋህ ብለህ የሠራኻት መሰለኝ። 'በተገቢው ሰዓት ዝጋኝ' ስትለኝ ስለ ጣትህ ነው ብዬ ያዝኩት። ስንት ቀን ነው ቤቴ ያለቀስኩት።»

ውሸታም ልለው ነበር። ውሸት ቢሆን እንዴት በተገላገልኩ። ግን ያን ቀን እንዴት እንዳቀፈኝ አውቃለሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልቆረጠልኝም፤ አንዳንዴ አምነዋለሁ፣ አንዳንዴ በሰበብ ራሱን ሸፋፍኖ ያመለጠ ሰው ሆኖ ይታየኛል፣ ያን ጊዜ ደሜ ይፈላል።

«ኳሷን ጣልኳት እኮ» አልኩት።

«የምን ኳስ?»

«እጄን የማሠራባትን! ድኛለሁ ብዬ! አንተ ዳንክ ስላልከኝ!»

ይህን አያውቅም ነበር። ፊቱ ላይ ያለው ደም ሁሉ ወረደ። ሊነሳ ብሎ መልሶ ተቀመጠ። እኔ ግን አላዘንኩለትም፣ እውነቱን ልናገር፣ ሲደነግጥ ደስ አለኝ።

«ደህና» አልኩት፣ «የሰው ሠርግ ላይ ዘጋኸኝ፣ ይሁን። የእህቴ ሠርግ ላይስ? አንዲት ዜማ እንኳ? ብሳሳትስ? የእህቴ ሠርግ አይደል፣ ማን ይስቅብኛል?»

ኪቦርዱን በጨርቁ ሸፈነው። «ልከፍትልህ ነበር» አለኝ፣ «ወላሂ ቆርጬ ነበር፤ ለሙሽሪት ዜማ እስከ ጥጉ ልከፍትልህ።»

«ታዲያ?»

«ከሠርጉ በፊት ባለው ሐሙስ እቤቴ መጣች።»

«ማን?»

«እህትህ። ቆቦ ሠርግ ላይ ስዘጋህ አይታኝ ኖሮ፣ ካማቾቼ ፊት እንዳላፍር አደራ፣ ያን ቀን እንዳትከፍተው አለችኝ። አደራ ብላ ያዘችኝ፣ ምን ላድርግ?»

ከዚያ በኋላ ምን እንዳለኝ አልሰማሁም። ተነስቼ ወጣሁ። ጓደኛዬ ሲያታልለኝ ቁጣ ነው የመጣብኝ፤ ይህን ስሰማ ግን ቁጣ እንኳ አልመጣልኝም። የጎረቤት ግንብ ተደግፌ ቆምኩ። ያቺ እንባ በኩሏ ላይ ስትወርድ ታየችኝ። ዜማው ነካት ብዬ ነበር እኮ! ምንም የሚሰማ ዜማ አልነበረም፤ እሷ ደግሞ እንደማይሰማ ታውቅ ነበር።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄድኩ። ባለሙያዋ ሁለቱን ጣቶች ይዛ አጠፈቻቸው፣ ዘረጋቻቸው፣ እንደገና አጠፈቻቸው። «መቼ ነው ያቋረጥከው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ለምን?» አለችኝ። ዳንክ ተብዬ ማለት አፈርኩ። እስካሁን ያለውን ይይዛል፣ ከዚህ በላይ ግን ብዙ ተስፋ አታድርግ አለችኝ። እንደ መርዶ ነጋሪ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር የምትናገረው። አመስግኛት ወጣሁ።

ጓደኛዬ ሱቄ ድረስ ሁለት ጊዜ መጣ፣ ከበሮ መቺውን ይዞም መጣ። ሻይ አዘዝኩላቸው፣ ስለ ዝናቡ አወራን። አፉ በለኝ አለኝ፣ አፉ ብያለሁ አልኩት። አላልኩም። ምላሴ ነው ያለው።

እህቴ ጎብዬ ነው ያገባችው። ባለፈው ሳምንት፣ መግሪብ ሳይደርስ፣ ደወለችልኝ። ሰላምታውን ጨርሰን «እጅህ እንዴት ነው ወንድምዓለም?» አለችኝ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ቪዲዮውን አየኸው አይደል? ሠርጌን ያደመቅከው አንተ ነህ እኮ። እዚህ ሰው ሁሉ ስለ አንተ ነው የሚያወራው።»

ዝም አልኩ። ልትናገር ይሆናል፣ ዕድል ልስጣት ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እሷ ግን ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ እየሳቀች፣ «ለእማ እንዳትነግራት፣ አርግዣለሁ። ኢንሻአላህ ልጄ ሲወለድ በአቂቃው ድግስ ላይም አንተው ነህ የምትጫወትልኝ» አለችኝ።

ደስታዋ ደስታዬ ነው፣ ማንም አይጠርጥረኝ። አላህ በሰላም ያገላግልሽ አልኳት። ከልቤ ነው ያልኳት። ከዚያ ግን አፌን መያዝ አልቻልኩም።

«ያን ቀን ቮልዩሙን ማን ይይዝልኛል?» አልኳት።

ሳቋ ተቋረጠ። መስመሩ ግን አልተቋረጠም፣ ትንፋሿ ይሰማኛል። ሦስት ጊዜ ጠየቅኳት። ሦስቱንም ጊዜ ዝም አለችኝ።